የከፍተኛ ኃይል አምፕሊፋየር የሲግናል መዛባት፦ መንስኤውን ለክቶ የመለየትና የማስተካከል መመሪያ

ከማሰራጫው የወጣው ሲግናል ጎረቤት ቻናል ውስጥ ሲፈስ ወይም ተቀባዩ ዘንድ ስህተት ሲበዛ፣ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው መጨረሻ ላይ ባለው የኃይል አምፕሊፋየር ላይ ነው። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የእሱ ነው። ነገር ግን ሁለት ሲግናል ጀነሬተሮች እርስ በርስ ሲረባበሹ፣ ስፔክትረም አናላይዘሩ ከአቅሙ በላይ ሲገባበት፣ አንድ ኮኔክተር ሲላላ ወይም የድሬይን መስመሩ (ትራንዚስተሩን ኃይል የሚመግበው መስመር) ካፓሲተር ሲያንስ ስክሪኑ ላይ ከሲግናሉ ግራና ቀኝ የሚበቅለው ትከሻ ከአምፕሊፋየሩ ትከሻ ጋር አንድ ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ሥራው በዚህ ተራ ይሄዳል፦ ያያችሁት መዛባት የአምፕሊፋየሩ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ዓይነቱን መለየት፣ ማከም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲጂታል ፕሪዲስቶርሽን (ሲግናሉን አስቀድሞ በሶፍትዌር በግልባጩ ማዛባት) ውስጥ ቀድሞ የሚዘል ሰው የካፓሲተር ችግርን በሶፍትዌር ለመጠገን ሲታገል ቀናት ያልፉታል።

ቁጥሮቹ እንዲያያዙ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ 900 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራ፣ ጌይኑ (ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) 40 ዲቢ የሆነ፣ ጌይኑ በ1 ዲቢ የሚጨመቅበት የውጤት ኃይል 50 ዲቢኤም (100 ዋት፤ ዲቢኤም ከ1 ሚሊዋት አንጻር የሚቆጠር ኃይል ነው) የሆነ፣ በ28 ቮልት የሚሠራ ክላስ ኤቢ (ያለ ሲግናልም ጥቂት ጅረት የሚስብ) የኤልዲሞስ (የሲሊከን ኃይል ትራንዚስተር ዓይነት) አምፕሊፋየር።

የሚዛባው ምንድን ነው?

አምፕሊፋየር ግቤቱን በአንድ ቋሚ ቁጥር ቢያባዛ ኖሮ መዛባት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ትራንዚስተሩ ግን የድሬይን ቮልቴጁ ከሚፈቅደው በላይ ሊወዛወዝ፣ ሊሰጥ ከሚችለው ጅረት በላይም ሊሰጥ አይችልም። ሲግናሉ ሲያድግ ጫፉ ይደፈጠጣል፤ ኃይል ሲጨምር ጌይን ይቀንሳል። ይህ የአምፕሊቲዩድ መዛባት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን የትራንዚስተሩ የውስጥ ካፓሲታንስ ከቮልቴጅ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ትልቁ ሲግናል ከትንሹ የተለየ የፌዝ መዘግየት ይዞ ይወጣል። ይህ ደግሞ የፌዝ መዛባት ነው። ሦስተኛው ትውስታ ይባላል፦ የአሁኑ ውጤት በአሁኑ ግቤት ብቻ ሳይሆን ከጥቂት ናኖሰከንድ ወይም ሚሊሰከንድ በፊት በነበረውም ሲወሰን ማለት ነው።

900 እና 901 ሜጋኸርዝ ላይ ሁለት እኩል ቶኖች (ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሲግናሎች) ብታስገቡ፣ ሦስተኛ ደረጃው መዛባት 899 እና 902 ላይ፣ አምስተኛው 898 እና 903 ላይ ይወጣል። 1800 አካባቢ የሚወጣውን ሁለተኛ ሃርሞኒክ ፊልተር ይቆርጠዋል። ከሲግናሉ አጠገብ የተቀመጠውን 899 እና 902ን የሚቆርጥ ፊልተር ግን የለም። ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ነው። ሰፊ ሲግናል ላይም ነገሩ ያው ነው፤ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ሲግናል በሦስተኛ ደረጃ መዛባት ወደ 60፣ በአምስተኛው ወደ 100 ሜጋኸርዝ ይሰፋል።

የመለኪያውን መስመር መዘርጋት

የሚያስፈልጉት እቃዎች እነዚህ ናቸው፦

– ሁለት ሲግናል ጀነሬተር፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ +15 ዲቢኤም የሚሰጡ
– ሁለት ባለ10 ዲቢ አቴንዌተር (ሲግናል ቀናሽ) እና ሁለት አይሶሌተር (ሲግናልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)
– አንድ የሁለት መንገድ ኮምባይነር (የዊልኪንሰን ዓይነቱ ይበቃል)
– 40 ዲቢ ዳይሬክሽናል ካፕለር (ከሲግናሉ ጥቂቱን ለመለኪያ የሚቀዳ)፣ 100 ዋት በቋሚነት የሚሸከም
– 50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ)፣ ቢያንስ 150 ዋት፣ ከነማቀዝቀዣው
– 30 ዲቢ አቴንዌተር፣ ስፔክትረም አናላይዘር፣ ፓወር ሜትር
– ቢያንስ 100 ሜጋኸርዝ የሚያነብ ኦሲሎስኮፕ

እያንዳንዱን ጀነሬተር በአይሶሌተርና በ10 ዲቢ አቴንዌተር አሳልፋችሁ ኮምባይነሩ ላይ አገናኙ። አቴንዌተሩ ኃይል የሚያባክን ይመስላል፤ ሥራው ግን የአንዱ ጀነሬተር ሲግናል በኮምባይነሩ በኩል ወደ ሌላው ተመልሶ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከገባ የጀነሬተሩ የውጤት መቆጣጠሪያ የሁለቱን ልዩነት ተከትሎ ይወዛወዛል፤ መዛባቱም ሲግናሉ አምፕሊፋየሩ ጋ ሳይደርስ ይፈጠራል። በኮምባይነሩ 3.5፣ በአይሶሌተሩ 0.5፣ በአቴንዌተሩ 10 ዲቢ ስለሚጠፋ አምፕሊፋየሩ ላይ በየቶኑ 0 ዲቢኤም ለማድረስ ጀነሬተሩ 14 ዲቢኤም ያህል መስጠት አለበት። ጀነሬተሩ ይህን ካልቻለ ድራይቨር (ረዳት አምፕሊፋየር) ከኮምባይነሩ በፊት በየመስመሩ ይግባ፤ ከኮምባይነሩ በኋላ ከገባ የራሱን መዛባት ይዞ ይመጣል።

በውጤቱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ወደ ካፕለሩ፣ ከካፕለሩ ዋና መንገድ ወደ ዳሚ ሎዱ፣ ከካፕለሩ ቅርንጫፍ በ30 ዲቢ አቴንዌተር ወደ አናላይዘሩ ይሄዳል። 40 ዲቢኤም ቶን ካፕለሩ ላይ 0፣ አናላይዘሩ ላይ −30 ዲቢኤም ሆኖ ይደርሳል። ካፕለሩ ላይ የተጻፈውን 40 ዲቢ አትመኑት፤ በምትለኩበት ፍሪኩዌንሲ ራሳችሁ ለኩት። 39.6 ሆኖ ቢገኝና ባታርሙት የኃይል ንባባችሁ በ10 በመቶ ገደማ ይሳሳታል። ፍጹም ኃይል በፓወር ሜትር ይለካል፤ አናላይዘሩ ለንጽጽር ብቻ ነው።

ማብራትና ማጥፋት

ሎድ ሳይገናኝ ሲግናል አይገባም። ሲግናል እያለፈም ኮኔክተር አይፈታም፤ ትራንዚስተሩ ይሞታል፣ ጣትም ይቃጠላል። በማብራት ቅደም ተከተል በኩል ኤልዲሞስ ታጋሽ ነው። የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር ግን ጌቱ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ዜሮ ቮልት ሲሆን ጅረት ለማሳለፍ ሙሉ በሙሉ ክፍት ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፦ መጀመሪያ ጌቱን በኔጋቲቭ ቮልቴጅ ዝጉት (ብዙውን ጊዜ −5 ቮልት አካባቢ)፣ ቀጥሎ የድሬይን ቮልቴጁን ስጡ፣ ከዚያ ጌቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አምጥታችሁ የእረፍት ጅረቱን (ሲግናል ሳይኖር የሚሳበውን) አስተካክሉ፣ በመጨረሻ ሲግናሉን አስገቡ። ስታጠፉ በግልባጩ ነው። ድሬይኑን ካጠፋችሁ በኋላ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ጌቱን እንደተዘጋ ጠብቁት፤ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከመለካት በፊት 15 ደቂቃ ያህል፣ ወይም የማቀዝቀዣው ሙቀት መለዋወጡን እስኪያቆም፣ በሥራ ኃይሉ ላይ አሙቁት። 28 ቮልት ላይ 3.5 አምፔር ሲስብ 98 ዋት እየገባ ነው፤ 20 ዋት ቢወጣ የቀረው 78 ዋት ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ አምፕሊፋየር ላይ የተወሰደ ንባብ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አይደገምም።

መጀመሪያ መለኪያውን ፈትሹ

አምፕሊፋየሩን ከመስመሩ አውጥታችሁ የኮምባይነሩን ውጤት በዚያው በ30 ዲቢ አቴንዌተር ወደ አናላይዘሩ ውሰዱት። አናላይዘሩ እንደ ቀድሞው −30 ዲቢኤም ቶኖችን ያያል። የሚታየው ሦስተኛ ደረጃ ምርት (መዛባቱ የፈጠረው ተጨማሪ ቶን) ከቶኖቹ ቢያንስ 60 ዲቢ ዝቅ ማለት አለበት። አምፕሊፋየሩ ላይ የምትጠብቁት 40 ዲቢ ልዩነት ከሆነ 20 ዲቢ ትርፍ አላችሁ ማለት ነው። ይህ ትርፍ ለቅንጦት አይደለም፤ የመለኪያው መዛባት ከአምፕሊፋየሩ 20 ዲቢ ሲያንስ ንባቡን የሚያሳስተው ቢበዛ በ0.9 ዲቢ ነው፣ 10 ዲቢ ብቻ ሲያንስ ግን ስህተቱ እስከ 3.3 ዲቢ ይደርሳል። በፌዝ ተቃራኒ ሆነው ከተገናኙ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል። ይሄኛው የባሰ ነው፣ ደስ የሚል ቁጥር ማንም አይጠራጠርምና።

አምፕሊፋየሩን መልሳችሁ የአናላይዘሩን የውስጥ አቴንዌተር ከ10 ወደ 20 ዲቢ ቀይሩ። በቶኑና በመዛባቱ መካከል ያለው ልዩነት ካልተለወጠ መዛባቱ የአምፕሊፋየሩ ነው። ከተሻሻለ አናላይዘሩ ራሱ ነው የሚያዛባው፤ ለውጡ እስኪቆም አቴንዌተር ጨምሩ። የጫጫታው ወለል በ10 ዲቢ ከፍ ይላልና መዛባቱ እዚያ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሪዞሉሽን ባንድዊድዙን ወደ 1 ኪሎኸርዝ አጥብቡት።

በዚህም ያልጠራ ጥርጣሬ ካለ ኮኔክተሮቹን አንድ በአንድ በፕላስቲክ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ምርቱ ከዘለለ ችግሩ የላላ ወይም የቆሸሸ መገናኛ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ከአምፕሊፋየር ውጭ የሚመጣ መዛባት ሌላም ምልክት አለው፦ ኃይሉን በ1 ዲቢ ስትቀንሱ ብዙ ጊዜ ከ3 ዲቢ ባነሰ መጠን ይቀንሳል። በቶርክ ቁልፍ እንደ አምራቹ መጠን ማጥበቅና የተበላሸውን መቀየር ይበቃል።

በአንድ ቶን፦ ጌይንና ፌዝ

ግቤቱን ከ−20 ዲቢኤም ጀምራችሁ በ1 ዲቢ እርምጃ አሳድጉ፤ መጨመቅ ሲጀምር እርምጃውን ወደ 0.5 ዲቢ አጥብቡ። በምሳሌያችን ግቤቱ 11 ዲቢኤም ሲደርስ ውጤቱ 51 መሆን ሲገባው 50 ይሆናል፤ የ1 ዲቢ መጨመቂያው ይህ ነጥብ ነው። ኔትወርክ አናላይዘር ካላችሁ የፌዙን ለውጥም በዚያው ጉዞ መዝግቡ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቋሚ ሲግናል ትራንዚስተሩን ከእውነተኛው ሥራ በላይ ስለሚያሞቀው መጨመቂያው ቀድሞ የመጣ ይመስላል፤ በ10 ማይክሮሰከንድ ፐልስ፣ በ10 በመቶ ዲዩቲ ሳይክል ብትለኩ የተሻለ ነው። ሌላው፣ ክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ከመጨመቁ በፊት ጌይኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ 1 ዲቢው የሚቆጠረው ከትንሽ ሲግናል ጌይኑ ነው ወይስ ከጫፉ? ሁለት ሰዎች በተለያየ መነሻ ቆጥረው አንዱን አምፕሊፋየር የተለያየ ቁጥር ሰጥተውት ሲከራከሩ ማየት የተለመደ ነው። መነሻውን ከቁጥሩ ጎን ጻፉት።

በሁለት ቶን፦ የመዛባቱ መጠን

በ1 ሜጋኸርዝ የተራራቁ ሁለት ቶኖችን አስገብታችሁ ውጤቱን በየቶኑ 40 ዲቢኤም አድርሱ። እያንዳንዱ 10 ዋት ነው፣ አማካዩ 20 ዋት። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የቮልቴጅ ጫፋቸው ስለሚደመር ግን የጫፍ ኃይሉ ከአንዱ ቶን 6 ዲቢ በልጦ 46 ዲቢኤም፣ ማለትም 40 ዋት ይሆናል። ይህን የሚዘነጋ ሰው «አማካዩ 50 ዋት ብቻ ነው» ብሎ 100 ዋቱን አምፕሊፋየር መጨመቂያው ላይ አስቀምጦ ይለካል።

899 እና 902 ላይ ያሉት ምርቶች 2 ዲቢኤም ቢሆኑ ልዩነቱ 38 ዲቢ ነው። የዚህን ግማሽ ቶኑ ላይ ደምሩ፦ 40 + 19 = 59 ዲቢኤም፣ ይህ የሦስተኛ ደረጃው የመገናኛ ነጥብ ይባላል። አሁን ግቤቱን በ3 ዲቢ ቀንሱ። ቶኖቹ 37 ሲሆኑ ምርቶቹ በ9 ዲቢ ወርደው −7 ዲቢኤም፣ ልዩነቱም 44 ዲቢ መሆን አለበት።

ካልሆነስ? ክላስ ኤቢ ላይ ብዙ ጊዜ አይሆንም። አንድ የኃይል ደረጃ ላይ መዛባቱ ድንገት ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ይወርድና ኃይሉ ሲቀንስ መልሶ ይወጣል። ሦስተኛና አምስተኛ ደረጃ መዛባቶች እዚያ ነጥብ ላይ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ስለሆነ ነው። ስለዚህ በአንድ ነጥብ የተሰላ የመገናኛ ነጥብ ለእንዲህ ዓይነት አምፕሊፋየር እምብዛም አይጠቅምም፤ በ1 ዲቢ እርምጃ ቢያንስ 15 ዲቢ ያህል ወርዳችሁ ሙሉውን መስመር ሳሉት። ጉድጓዱን አሳድዶ አምፕሊፋየሩን እዚያ ላይ ማስተካከልም ወጥመድ ነው፤ ሙቀቱ ሲለወጥ ቦታውን ይቀይራል።

የቶኖቹን ርቀት መለዋወጥ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚናገረው ፈተና ይህ ነው። ኃይሉን ሳትነኩ በቶኖቹ መካከል ያለውን ርቀት 100 ኪሎኸርዝ፣ ከዚያ 1፣ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ሜጋኸርዝ እያደረጋችሁ የላይኛውንና የታችኛውን ምርት ለየብቻ መዝግቡ። ሁለቱ እኩል ሆነው በየርቀቱ ካልተለወጡ ትውስታ የለም ማለት ይቻላል። 10 ሜጋኸርዝ ላይ አንዱ ከሌላው 6 ዲቢ ከበለጠ ግን አምፕሊፋየሩ ያለፈውን እያስታወሰ ነው።

ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ የድሬይን አቅርቦቱ ነው። የሁለቱ ቶኖች ጫፍ በልዩነታቸው ፍሪኩዌንሲ ይወጣል ይወርዳል፤ ትራንዚስተሩም በዚያው ምት ጅረት ይስባል። የአቅርቦት መስመሩ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኢምፔዳንስ ካለው የድሬይን ቮልቴጁ አብሮ ይርገበገባል፤ ርግብግቡም ሲግናሉን መልሶ ሞዱሌት ያደርገዋል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብ ረጅሙን የግራውንድ ሽቦ አውልቃችሁ በአጭሩ ስፕሪንግ፣ ትራንዚስተሩ አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ትልቅ ካፓሲተር ጫፍ ላይ አሳርፉት (ድሬይኑ ላይ አይደለም፤ የራዲዮ ፍሪኩዌንሲው ቮልቴጅ ፕሮቡን ይጎዳል)። ኤሲ ካፕሊንግ አድርጉ፣ ርቀቱን 1 ሜጋኸርዝ አስተካክሉ። መስመሩ ቀጥ ካለ ደህና ነው። በ28 ቮልቱ ላይ የ1 ማይክሮሰከንድ ማዕበል ሁለት ቮልት ያህል ወጣ ወረድ ሲል ካያችሁ መንስኤውን አግኝታችኋል።

መፍትሔው ከትራንዚስተሩ ድሬይን በተቻለ መጠን ቅርብ 10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር መጨመር ነው፤ የሚቻል ከሆነ በድሬይኑ ግራና ቀኝ በሁለት አቅርቦት መስመር። የካፓሲተሩን ቮልቴጅ ሰፋ አድርጉ፤ ባለ50 ቮልት ሴራሚክ 28 ቮልት ሲያርፍበት የተጻፈበትን አቅም ትልቅ ክፍል ሊያጣ ይችላልና ባለ100 ቮልቱ ይሻላል። አቅርቦት መስመሩ ላይ ፌራይት ቢድ ካለ ደግሞ ከፍተኛ ጅረት ሲያልፍበት ሳቹሬት እንደሚያደርግ አስቡ። ረጅምና ቀጭን መስመር ባለበት ቦርድ ላይ ካፓሲተር መደርደር ብቻውን አይበቃም፤ የመስመሩ ኢንዳክታንስ ከካፓሲተሩ ጋር ተጣምሮ የሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲ ከሲግናሉ ስፋት በላይ መውጣት አለበት።

አለመመጣጠኑ የሚታየው ከ100 ኪሎኸርዝ በታች ብቻ ከሆነ ሙቀት ነው። የትራንዚስተሩ ሙቀት የቀስታውን ምት ይከተላል፣ የፈጣኑን አይደርስበትም። ከማቀዝቀዣው ጋር ያለውን መጋጠሚያ፣ የብሎኖቹን ጥብቀትና ቅባቱን ፈትሹ።

ባያስና ሎድ

በጌት ቮልቴጁ የሚወሰነውን የእረፍት ጅረት (ባያሱን) ማሳደግ አምፕሊፋየሩን ወደ ክላስ ኤ ያስጠጋዋል፤ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ያለው መዛባት ይቀንሳል፣ ሙቀቱና የኃይል ፍጆታው ይጨምራል። የጫፉን መደፍጠጥ ግን ባያስ አያድነውም። በ5 በመቶ እርምጃ እየቀየራችሁ፣ በየእርምጃው በሁለት ቢበዛም በሦስት የኃይል ደረጃዎች ለክታችሁ፣ በሁሉም ደህና የሆነውን ምረጡ። የኤልዲሞስ ጌት ቮልቴጅ ሙቀት ሲጨምር በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ መደረግ አለበት፤ የሙቀት ማካካሻ የሌለው ባያስ ጠዋት የተስተካከለውን ከሰዓት ያበላሸዋል።

አንቴናው የሚመልሰው ሲግናል ትራንዚስተሩ የሚያየውን ሎድ ይቀይራል፤ ዳሚ ሎድ ላይ ንጹህ የነበረ አምፕሊፋየር አንቴና ላይ ሲያዛባ መጀመሪያ የሚለካው የተመላሹ ኃይል ነው። አይሶሌተር ይህን ይከላከላል፤ ራሱ ግን ፌራይት ስለሆነ በከፍተኛ ኃይል ትንሽ ሊያዛባ እንደሚችል አትዘንጉ።

በእውነተኛው ሲግናል፦ ኃይሉ ምን ያህል ዝቅ ይበል?

ኦኤፍዲኤም (መረጃውን በብዙ ጠባብ ንዑስ ካሪየሮች ላይ የሚበትን) ሲግናል ጫፉ ከአማካዩ 10 ዲቢ ያህል ይበልጣል። ጫፉ ከ50 ዲቢኤም እንዳያልፍ ከተፈለገ አማካዩ 40 ዲቢኤም፣ ማለትም 10 ዋት ነው። 100 ዋት አምፕሊፋየር ገዝቶ በ10 ዋት ማሠራት ያማል፤ ስለዚህ ጫፉን አስቀድሞ በዲጂታሉ በኩል መቁረጥ የተለመደ ነው። 7.5 ዲቢ ላይ ከተቆረጠ አማካዩ 42.5 ዲቢኤም፣ 18 ዋት ገደማ ይሆናል። ተቆርጦ በፊልተር ሲጸዳ ጫፉ መልሶ ስለሚበቅል ሥራው ከ2 እስከ 4 ጊዜ ይደገማል።

መቁረጥ ነፃ አይደለም፤ በኢቪኤም (የተላከው ነጥብ ከትክክለኛ ቦታው በሚርቅበት መጠን) ይከፈላል። በ3ጂፒፒ (የሞባይል ኔትወርክ ደረጃ አውጪው) የኤልቲኢ መስፈርት የቤዝ ስቴሽን ኢቪኤም ጣሪያ ለ64ኪውኤኤም (ባለ64 ነጥብ ሞዱሌሽን) 8፣ ለ256ኪውኤኤም 3.5 በመቶ ነው፤ በአጠገብ ቻናል የሚፈሰው ደግሞ በ45 ዲቢ ማነስ ይጠበቅበታል። 3.5ቱን እንዲህ ማከፋፈል ይቻላል፦ ለመቁረጡ 2፣ ለአምፕሊፋየሩ 2፣ ለኦሲሌተሩ የፌዝ ጫጫታ 1.5። ምንጮቹ ስለማይተዋወቁ በካሬ ተደምረው 3.2 በመቶ ይሰጣሉ።

ንባቡን ስትተረጉሙ፦ የስፔክትረሙ ሁለት ትከሻዎች እኩል ከሆኑ ተራ መጨመቅ ነው፣ ካልተመጣጠኑ ትውስታ ነው። ትከሻው ደህና ሆኖ ኢቪኤሙ ከተበላሸ አምፕሊፋየሩን ተዉት፤ የፌዝ ጫጫታን፣ የአይና ኪው (የሲግናሉ ሁለት ክፍሎች) ሚዛንን፣ የፊልተርን ጠፍጣፋነት መርምሩ። የኮንስቴሌሽኑ (የሲግናል ነጥቦቹ ሥዕል) ማዕዘኖች ወደ መሀል ከተሰበሰቡ የአምፕሊቲዩድ፣ ማዕዘኖቹ ብቻ ከዞሩ የፌዝ መዛባት ነው የሚባለው እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን በነጠላ ካሪየር ሲግናል ብቻ ነው። ኦኤፍዲኤም ላይ መዛባቱ በሁሉም ንዑስ ካሪየር ተበትኖ እንደ ጫጫታ ስለሚታይ ነጥቦቹ በእኩል ይደበዝዛሉ። ለምርመራ ብቻ ነጠላ ካሪየር 64ኪውኤኤም ብትልኩ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ዲጂታል ፕሪዲስቶርሽን

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አምፕሊፋየሩ የሚያጠፋውን አስቀድሞ በግልባጩ ማዛባት። ከዚህ በፊት ሃሮልድ ብላክ በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ፊድፎርዋርድ፣ ማለትም ስህተቱን ለይቶ አውጥቶ ከውጤቱ ላይ የመቀነስ ዘዴ፣ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ስለሚፈልግ ግን ኃይል ይበላል። ዊሊያም ዶኸርቲ በ1936 ያቀረበው አምፕሊፋየር ደግሞ ከጣሪያው ዝቅ ባለ ኃይል ላይ ሲሠራም ብቃቱ ከፍ ያለ ነው። ኃይል ሲጨምር ብቻ የሚሠራው ሁለተኛው ትራንዚስተሩ ሲነሳ ግን ጌይኑም ፌዙም ይታጠፋል፤ ስለዚህ በዛሬዎቹ ማሰራጫዎች ያለ ፕሪዲስቶርሽን እምብዛም አይታይም።

ለ20 ሜጋኸርዝ ሲግናል የመመልከቻው ተቀባይ (ከካፕለሩ የተመለሰውን ውጤት የሚያነበው) 100 ሜጋኸርዝ ማየት አለበት፤ በሰከንድ 122.88 ሚሊዮን ናሙና ይበቃል። የማሰራጫው መንገድም እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ ያን ያህል መስፋት አለበት፤ መሀል ላይ 30 ሜጋኸርዝ ፊልተር ካለ ማስተካከያው እዚያው ተቆርጦ ይቀራል።

1. ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውንና ከካፕለሩ የተመለሰውን 65,536 ናሙና በአንድ ጊዜ ያዙ። ይህ 533 ማይክሮሰከንድ ነው። 16,384 ብቻ ብትይዙ ሁለት የኦኤፍዲኤም ሲምቦል እንኳ ስለማይሞላ ትልቁ ጫፍ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

2. ሁለቱን በኮሪሌሽን (ተመሳሳይነታቸውን በመለካት) በጊዜ ገጣጥሙ፤ መጀመሪያ በሙሉ ናሙና፣ ከዚያ በክፍልፋይ። አንድ ናሙና 8.14 ናኖሰከንድ ነው፤ ስህተቱ ከአንድ አሥረኛው በታች ይሁን። አልሠራ ያለ ፕሪዲስቶርሽን ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እዚህ ተመለሱ።

3. የተመለሰውን በጌይኑ አካፍሉ። ያካፈላችሁበት ጌይን የትንሹ ሲግናል ከሆነ ጫፉ ወደማይደርስበት ቁመት ይጠራል፤ ጫፍ ላይ ያለውን ጌይን መጠቀም ጥቂት ኃይል ይቀንሳል እንጂ አስተማማኝ ነው።

4. ግልባጩን ሞዴል ሥሩ፦ የተመለሰው እንደ ግቤት፣ የላካችሁት እንደ ውጤት። በሜሞሪ ፖሊኖሚያል (ያለፉ ናሙናዎችንም የሚያካትት ቀመር) ደረጃ 7፣ ጎዶሎዎቹን ብቻ፣ በ4 የትውስታ ናሙና ጀምሩ፤ 16 ኮኤፊሸንት ይሆናል። በሊስት ስኩዌርስ ፍቱት፤ ቁጥሮቹ ከተንቀጠቀጡ ትንሽ ሬጉላራይዜሽን (ቁጥሮቹ እንዳይጋነኑ የሚገታ) ጨምሩ። ደረጃ 13 ላይ የሚሻሻል ነገር ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ ጫጫታን እያስታወሰ ነው።

5. ማስተካከያውን ተግብራችሁ ከ1 እስከ 4 ያለውን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ድገሙ፤ አዲሱን ኮኤፊሸንት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር ግማሽ በግማሽ እያቀላቀላችሁ።

የሚከሽፈው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ፕሪዲስቶርሽን የተደፈጠጠውን ጫፍ ለመመለስ ግቤቱን ከፍ ያደርጋል። አምፕሊፋየሩ ከሞላ በኋላ ግን ምንም ቢጨመርበት አይሰጥም፤ አልጎሪዝሙ በየዙሩ የበለጠ ይጠይቃል፣ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ለዚህ የግቤት ጣሪያ በሃርድዌር አስቀምጡ፤ ለዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያውም ከ2 እስከ 3 ዲቢ ትርፍ ቦታ ተዉ። የመመልከቻው ተቀባይ ራሱ ካዛባ ደግሞ የእሱን መዛባት ግልባጭ አድርጋችሁ አንቴና ላይ ትለቃላችሁ። ስክሪናችሁ ንጹህ ይመስላል፣ ጎረቤት ቻናል ይጮኻል። ስለዚህ የመጨረሻው ንባብ ሁልጊዜ በተለየ አናላይዘር ይወሰድ።

ጋሊየም ናይትራይድ ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና ጨምሩ። ከከፍተኛ ኃይል በኋላ ኤሌክትሮኖች ተጠምደው ስለሚቆዩ ጌይኑ ወዲያው አይመለስም። ሙሉ ትራፊክ ላይ የተማረው ኮኤፊሸንት ትራፊኩ ድንገት ሲቀንስ አይሠራም። ሲግናሉን ከሙሉ ኃይል ወደ 10 በመቶ በአንድ ጊዜ አውርዳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሚሊሰከንዶች ውስጥ ትከሻውን ለኩ፤ ከዚያም በተቃራኒው። በቋሚ ኃይል 50 ዲቢ የነበረው ልዩነት በሽግግሩ ላይ ከ45 በታች ከወረደ ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ኃይል የተለያየ የኮኤፊሸንት ሰንጠረዥ አዘጋጅታችሁ እንደ አማካዩ ኃይል እየተቀያየሩ እንዲጫኑ አድርጉ።